የሦስተኛ ፎቋ ክብርት ሐኪም

ሊፍት የሌለው ሕንፃ አለ። ውኃ የማይወጣበት ሕንፃም ሞልቷል። ሕክምናን ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተማረ ሰው የሌለበት ሕንፃ ግን እስካሁን አልተሠራም፣ ወደፊትም የሚሠራ አይመስለኝም። የግድግዳው ቀለም ሳይደርቅ ሶፋውን አስገብቶ፣ ቴሌቪዥኑን ሰክቶ፣ ደረጃ ላይ ያገኘውን የመጀመሪያ ሰው ትክ ብሎ እያየ «ይኼ ድካም ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» የሚል አንድ ሰው ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ጤነኛ ሰው አይኖርም።

የእኛ ሕንፃ ሐኪም ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። እኔ ከሕንፃው ሥር ባለው መድኃኒት ቤት የምሠራ፣ አራተኛ ፎቅ የምኖር፣ አምስት ዓመት ተምሬ የተመረቅሁ ፋርማሲስት ነኝ፤ ይህን የምናገረው ልኮራ ሳይሆን በሕንፃው ውስጥ በሕክምና እውቀት ሁለተኛ መሆኔን ለማስመዝገብ ነው። አንደኛዋ እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው «ክብርት ሐኪም» እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን እንደ ማንኛውም ሰው «እትዬ» ነው የምላቸው።

ክብርት ሐኪም ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እጃቸው ፖስታውን ሳያነሳ ዐይናቸው አድራሻውን አንብቦ ሳጥኑን ይመርጥ እንደነበር ራሳቸው ይናገራሉ። አሁን ደብዳቤው ስለቀረ ሰው ይለያሉ። ጎረቤቱ «ደህና ዋሉ» ብሎ አፉን ሳይገጥም እሳቸው ከአንዱ ሳጥን ከትተውታል፦ ጨጓራ፣ መገጣጠሚያ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ልብ። አጠያየቃቸውም ማስታወቂያው እንደሚጠይቀው ነው። «ጠዋት ስትነሳ ወገብህን ይይዝሃል? ከምግብ በኋላ ደረትህን ያቃጥልሃል?» ደረቱን አቃጥሎት የማያውቅ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

የሁለተኛ ፎቁን አዲስ ሙሽራ አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ አገኙት። ልጁ ከሥራ ደክሞት መጥቶ፣ ሚስቱና አማቱ በግራና በቀኝ ቆመው፣ እንደ ማንም ሰው አንዴ ተነፈሰ። ክብርት ሐኪም እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ ስለ ወንዶች ጉዳይ የሚናገረው ማስታወቂያ በሚጀምርበት ለስላሳ ድምፅ «አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም» አሉት። ልጁ ከዚያ ወዲህ በደረጃ ነው የሚወጣው። አማቱ ግን በማግስቱ መድኃኒት ቤት ብቅ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የክኒኑን ስም ጠየቁኝ።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ብቻ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ በማስታወቂያ ላይ ያለኝን ክርክርም በቀላሉ አሸንፌ በገባሁ። ግን አንደኛ ፎቅ የሚኖር የቧንቧ ሠራተኛ አለ። የእትዬን መታጠቢያ ሊጠግን ገብቶ ሲሠራ ሦስት ጊዜ ውኃ ጠየቀ፣ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ገባ፤ እሳቸው ቴሌቪዥኑን አንዴ እሱን አንዴ አዩና ከስኳር ሳጥን ከተቱት። ካልተመረመርክ አልለቅህም አሉት። ሰውዬው ከእሳቸው አፍ ለመገላገል ብሎ ቢመረመር ስኳሩ ጣሪያ ነክቶ ተገኘ። ዛሬ በሕይወት ያለው በማስታወቂያ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም።

እኔ በዚህ ዓምድ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት እንደ ሳሙና በቴሌቪዥን መተዋወቅ የለበትም ብዬ አራት ጊዜ ጽፌያለሁ። አራተኛው የወጣ ዕለት እትዬ ጋዜጣውን ጠቅልለው ይዘው መጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ።

«እኔ ባልነግረው ኖሮ ያንን የቧንቧ ሠራተኛ ማን ይነግረው ነበር? አንተ? አንተ እንደሆነ ወረቀት ሲያመጡልህ ነው አፍህ የሚከፈተው። ሐኪሙ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ቀና ብሎ አያይም። ይኼ ቴሌቪዥን ግን በቀን አሥር ጊዜ እንዴት ነሽ ይለኛል።»

ጋዜጣውን ወደ ጎን ገፋ አደረግኩት።

እንደ ምንም ብዬ ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ የሚነበበውን የጎንዮሽ ጉዳት አነሳሁባቸው። ታውቁታላችሁ፤ ሙዚቃው ከፍ ሲል፣ አንድ የሚቸኩል ሰው ትንፋሽ ሳይወስድ የሚያወርደውን ማለቴ ነው። ክብርት ሐኪም እሱንም በቃላቸው ይዘውታል። በዚያው ፍጥነት፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ፣ ማዞር ማቅለሽለሽ የእግር ማበጥ የኩላሊት መድከም አልፎ አልፎም ሞት ብለው አወረዱትና ፈገግ አሉ። ሞቱን እንኳ ቢሰሙት ምን አለ ብላቸው፣ ቁም ነገር ቢሆን ኖሮ ቀስ ብለው ይናገሩት ነበር አሉኝ።

አሁን ወደ አንድ ወንበር ልምጣ። ክብርት ሐኪምን ሐኪም ያደረጋቸው እሱ ነው።

የእትዬ ባለቤት ጋሼ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሙሉ ልብስ ከሰፉላችሁ ትከሻችሁ ባይኖርም ትከሻ ያበጁላችኋል ይባልላቸው ነበር። አራት ዓመት ሆናቸው፣ የልብ ድካም ያዛቸውና መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠዋት ይቀመጣሉ፣ ማታ እትዬ ደግፈው ያስተኟቸዋል። በየወሩ ከእኔ የሚወስዷት ትንሽ ነጭ ክኒን አለች፤ ሕይወታቸውን ያቆየችው እሷ ናት። ነገር ግን ታቆያለች እንጂ አታስነሳም። እትዬ ደግሞ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋሼ ከዚያ ወንበር እንዲነሱ። እኛን ሁሉ በየሳጥኑ ሲከትቱ የኖሩት ለእሳቸው የሚሆነውን ሲፈልጉ ነው። በነጯ ክኒን ላይ የነበራቸው ቅሬታም ግልጽ ነበር፦ አንድ ቀን እንኳ በቴሌቪዥን አይተዋት አያውቁም። ደህና መድኃኒት ብትሆን ዝም ይሏት ነበር ወይ?

ከዚያ የብርቱካንማዋ ክኒን ማስታወቂያ መጣ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮት ያያል። ሚስቱ ክኒኗን በብርጭቆ ውኃ ትሰጠዋለች። ሰውዬው ይነሳል፣ ኮቱን ያደርጋል፣ እጇን ይዞ ኮረብታ ይወጣል። አርባ ሰከንድ ነው የሚፈጀው። እትዬ መጀመሪያ ያዩት ዕለት እስከ መድኃኒት ቤቱ በነጠላ ጫማ ነው የወረዱት።

ያቺ ክኒን የደም ግፊት ታወርዳለች፤ የጋሼ ግፊት ደግሞ ድሮም ወለል ላይ ያለ ነው። ይህን ነገርኳቸው። በሳምንቱም ነገርኳቸው። ሦስት ወር ሙሉ፣ አንዳንዴ በቀልድ፣ አንዳንዴ በቁጣ፣ አንድ ጊዜም የልብ ሥዕል ስዬ ነገርኳቸው። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ አይሆንም አላቸው። ሌላ ዘንድ ሄዱ፤ እሱም እምቢ አለ። ሦስተኛው ሐኪም በሽተኛ የበዛበት ሰው ነበር፤ ነጯን አስቁሞ ብርቱካንማዋን ጻፈላቸው።

ወረቀቱን ያመጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ሰልፉ በሩን አልፎ አስፋልቱ ዳር ደርሷል፣ ረዳቴ አልመጣችም፣ ስልኩ አልቆም ብሏል። እትዬ ወረቀቱን ዘርግተው በሁለት እጃቸው ባንኮኒው ላይ ያዙት። አየሁት። ፊርማው አለ፣ ማኅተሙ አለ። ለሐኪሙ ልደውል አሰብኩ፤ ሰልፉን አየሁ። ሦስት ወር የተናገርኩት ይበቃኛል አልኩ በሆዴ። ካርቶኑ ላይ «ጠዋት አንድ» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ማስታወቂያው ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በዐይኔ አይቻለሁ። በአምስተኛው ቀን ጋሼ ተነሱ።

ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ስለነበር ሦስቱን ፎቅ በእግራቸው ወረዱ። ድሮ ለራሳቸው የሰፉትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ልብሱ ሰፍቷቸው እጅጌው እስከ ጣታቸው ወርዷል። እትዬ አንድ ደረጃ ከኋላ ሆነው፣ ሳይነኳቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይከተላሉ። ሙሽራው በሩን ከፍቶ ወጣ፣ የቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን ይዞ ቆመ። ጋሼ ባንኮኒው ጋ ደርሰው ትንሽ ተነፈሱና ትከሻዬን አዩ።

«ይኼ ጋውን አይሆንህም» አሉኝ። «ትከሻው ላይ ወርዷል። አውልቀው፣ ላስተካክልልህ።»

አውልቄ ሰጠኋቸው። እትዬ እኔን አላዩኝም፤ እሳቸውን ነበር የሚያዩት። ለአራት ዓመት የኖሩባት ያቺ ሐሳብ ተሳክታላቸው ሳያት እኔም ደስ አለኝ፤ እኔም፣ አራት ጊዜ የጻፍኩት ሰው፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። የግፊት መለኪያው ክንዴ ሥር ነበር። ክንዳቸውን ስጡኝ ብል ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ማን ያንን ደስታ ያበላሻል?

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጋውኔን በክንዳቸው ይዘው፣ ክር ልግዛ ብለው ወጡ። ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ያለው ደረጃ ላይ አዞራቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታሉ ልባቸው ቀዶ ሕክምና አይችልም ብሎ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ወደ ቤት መለሳቸው። ወንበር ላይ መቀመጥ እንኳ አይችሉም አሁን፤ አልጋ ላይ ናቸው፣ ይኸው ነው፣ ከዚህ በኋላም ይኸው ነው።

የእትዬ ቴሌቪዥን ተዘጋ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ያልፋሉ። ሙሽራው ቢተነፍስ አይሰሙትም፣ ጎረቤቱ ቢያስል ዞር ብለው አያዩትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሕንፃው ውስጥ ማንም ሰው ምን እንዳመመው የሚነግረው አላገኘም። እኔ ይህን ዝምታ ለዓመታት የተመኘሁ ሰው ነኝ። ሲመጣ አስጠላኝ።

ሆስፒታሉ መልሶ ያዘዘላቸውን ነጯን ክኒን ይዤ ራሴ ወጣሁላቸው። አስገቡኝ። ጋሼ ዐይናቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ተኝተዋል፤ ወንበሩ ላይ የታጠፈ አንሶላ ተቀምጧል። መድረሻ ስላጣሁ ስለዚያ ማስታወቂያ መናገር ጀመርኩ፤ ሌባ ናቸው፣ ሊከለከሉ ይገባል፣ አምስተኛ ጊዜ እጽፋለሁ አልኩ። እትዬ ጠረጴዛውን በጨርቅ እየወለወሉ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ቴሌቪዥኑን መቼ አመንኩት» አሉኝ። «ሻጭ መሆኑን አላጣሁትም። እኔ አንተ ምን ትላለህ እያልኩ ነበር በየሳምንቱ የምመጣው። አይሆንም ስትለኝ እመለስ ነበር። የዚያን ሰኞ ግን ዝም አልክ። አንተ ዝም ካልክ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ ክኒኗን ሰጠሁት።»

ምን ይባላል? ሰልፍ ነበር ልበል? ረዳቴ ቀረች ልበል? ሳልቆጣጠረው እንባዬ መጣ። እሳቸው ደግሞ እንባዬን ሲያዩ ከአልጋው ግርጌ ያለውን ኩርሲ በእግራቸው ገፋ አድርገው ተቀመጥ አሉኝ፤ እንደ ልጃቸው ነበር የተቆጡኝ።

እወዳቸዋለሁ። ጽፌው አላውቅም፣ ይኸው ጻፍኩት። ማስታወቂያው ይከልከል የሚለው አቋሜም አልተለወጠም፤ ግን ለዚያ ቴሌቪዥን አፍ የሰጠነው ዝም ስንል እኛ ነን፤ ጋሼን ከደረጃው ላይ የጣልኳቸውም እኔ ነኝ።

አሁን አሁን ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤቱን ለረዳቴ ትቼ ወደ እነእትዬ ቤት እወጣለሁ። እትዬ የመድኃኒቱን ካርቶን ከፍተው፣ ውስጡ ታጥፎ ያለውን፣ ማንም የማያነበውን ወረቀት ዘርግተው ይሰጡኛል። መስመር ሳልዘል፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ። መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ነጯ ክኒን ምን እንደምታደርግ የሚለው ላይ ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ። ጋሼን አንዴ አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ታስነሳዋለች?»

ሰልፍ አልነበረም። ስልክ አልጮኸም።

«አታስነሳቸውም፣ እትዬ» አልኳቸው።

እትዬ ውኃውን ከብርጭቆው ላይ ቀነስ አድርገው፣ የጋሼን አንገት በመዳፋቸው ደግፈው ክኒኗን አስዋጧቸው። ከንፈራቸውን ጠረጉላቸው።

«እሺ» አሉኝ። «ቀጥል፣ አንብብ።»