በርቱ ባዩ ሹም

«በርቱ» ማለት የሚወድ ሹም ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ሪራ ገጥሞኛል።

የሰፈራችን ሰው ተባብሮ ከወንዙ መብራት ለማውጣት ቦይ ቆፍሮ፣ ማሽኑንም ተክሎ ነበር። የቀረን የወረዳው ፈቃድ ብቻ ነው። ሹሙ ከጎባ መጡ፣ ቦዩን አዩ፣ አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን። ጭብጨባ ኃይል ቢያመነጭ ኖሮ ባሌ በሙሉ በበራ ነበር!

«በርቱ!» አሉን።

ቁፋሮውን ያስጀመሩት ሐጂ ከድር፣ «ኢንሻአላህ እንበረታለን፣ ኦቦ፤ ፈቃዱስ?» አሏቸው።

«እሱንም በርትታችሁ ጠብቁ!» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ይኸው እየጠበቅን ነው። ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ አምፖል ሰቅለው፣ ማብሪያውንም ተጭነው ትተውታል።

«ምነው?» ብላቸው፣

«ማሳ ሳለሁ ቢመጣ፣ ወደ ቤቴ ስመለስ ከሩቅ እንዳየው ብዬ ነው» አሉኝ።