የዳንጊሶ ዓይኖች

ይህን ነገር በትክክል አላስታውሰው ይሆናል፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ነበር እላለሁ፤ እሑድም ሊሆን ይችላል። አዋሳ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚነሳው ጉም ቀናቱን ሁሉ ያመሳስላቸዋል። እናንተም እዚያ ብትኖሩ ትሳሳታላችሁ።

በቀበሌያችን አዳራሽ ጀርባ የቦክስ ቡድን ነበረን። ቡድን ስል ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ሰጋቱራ የተሞላ አንድ ጆንያ፣ ስድስት ወጣቶችና አሰልጣኙ ጋሽ በቀለ ማለቴ ነው። ጋሽ በቀለ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ሰዓት እይዛለሁ፣ ዙር ሲያልቅ ፊሽካ እነፋለሁ። በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም። ጋሽ በቀለ ለሕክምና አዲስ አበባ እስኪሄዱ ድረስ ይህ ማንንም አላስቸገረም።

ሲሄዱ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ዳንጊሶ ለግጥሚያ መድረስ አለመድረሱን አንተ ወስን።"

ዳንጊሶ አዋሳ አጠገብ ያለችው የቱላ ሰው ነው። እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፤ ሰጋቱራውንም የሚያመጣልን እሱ ነው። ቦክስ ከጀመረ አራት ወሩ ነበር። ከሻሸመኔ ቡድን ሊመጣ ነው፤ የዳንጊሶ ስም በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ለቀበሌው ሊቀመንበር መድረስ አለበት።

"በምን አውቃለሁ?" አልኳቸው።

"ዓይኑን እይ። ቡጢ ሲመጣበት የሚከድን ከሆነ አልደረሰም። የማያየውን እንዴት ይከላከላል?"

"እርስዎስ የመጀመሪያ ቀን አልከደኑም?"

"እኔንማ ማን ጠየቀኝ። ስሜን ጠሩ፣ ወጣሁ።"

እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር በግምት አይሆንልኝም። አንድ ሰው መንጋጋው ቢሰበር "መስሎኝ ነበር" ይባላል? ስለዚህ በየማለዳው ዳንጊሶን ሐይቁ ዳር አቁሜ፣ ጓንት አጥልቄ፣ አፍንጫው ሥር እያቆምኩ ሃያ ጊዜ ቡጢ እሰነዝርበታለሁ። ስንት ጊዜ እንደከደነ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ ሰባት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ካፖርት እንደለበሱ ሽማግሌዎች ዙሪያችንን ቆመው ያዩናል። ውሃውና ሰማዩ ገና አልተለያዩም፤ ታንኳዎቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። አንዳንዴ ቁጥሩ ይጠፋብኝና እንደገና እጀምራለሁ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ትቶ መጣ። "ሰውዬው ምን በድሎህ ነው?" አለኝ።

"ዓይኔን እየቆጠረ ነው" አለ ዳንጊሶ።

በሦስተኛው ሳምንት ከሃያው ወደ አራት ወረደ። አሁን ንገሩኝ፣ አራት ማለፊያ ነው ወይስ መውደቂያ? የትም አልተጻፈም። ረቡዕ ዕለት የጻፍኩትን ሁሉ እንደገና ደመርኩ።

"መምህር፣ አራቱ የሐይቁ ዝንብ ነው" አለኝ ዳንጊሶ። "እሱን ጻፍና ተወኝ። አባቴ ሊመጣ ነው። ቱላ ያልነገረው ሰው የለም።"

ለዝንብ ሁለት ቀነስኩ። ስሙን በእርሳስ ጻፍኩት። በእርሳስ የጻፍኩት እንዲጠፋ ፈልጌ አይደለም፤ ሊጠፋ የሚችል መሆኑን ማወቅ ስለሚያረጋጋኝ ነው።

በግጥሚያው ቀን አባትየው መጡ። ረጅም፣ ኮስታራ ሰው ናቸው። ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

"ደርሷል ያልከው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ጥሩ። ካልደረሰ ካንተ ኋላ ነኝ።" እንዳሉትም ልክ ከኋላዬ ተቀመጡ።

የቀበሌው ሜዳ ላይ አራት እንጨት ተተክሎ ገመድ ተወጥሯል። እኔ ጥግ ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ከፋ ካለ እሱን ወርውሬ ማስቆም የኔ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዙር እንደነገሩ አለፈ። በሁለተኛው ተጋጣሚው ቀኝ እጁን ከሩቅ አነሳ። ሲነሳ አየሁት። ፎጣውን ልወርውር ወይስ አልወርውር?

ከዚያ ያየሁትን መቼም አልረሳው። ከሕዝቡ ራስ በላይ ሐይቁ ወለል ብሎ ታየኝ። ውሃው ረግቷል፣ ብርሃን ተኝቶበታል። አንዲት ታንኳ ያለ ቀዛፊ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ሰው ድምፅ የለውም። እዚያው ብቀር ደስ ይለኝ ነበር።

ድምፁ ሲመለስ ተጋጣሚው መሬት ላይ ተቀምጦ ጓንቶቹን ያያል። ዳኛው ይቆጥራል። አባትየው ትከሻዬን ይደበድቡኛል፤ ለካ ደስታ ነው።

ከዚያ ወዲህ፣ ጀማሪ መድረሱ በምን ይታወቃል ለሚለኝ ሁሉ፣ ዓይኑን እይ እላለሁ። እኔ ቆሜ አይቻለሁ፤ ዳንጊሶ አልከደነም። ጋሽ በቀለ ተመልሰው ስለ ሐይቁ ሳወራ ሰሙና "ከዚያ ሜዳ ሐይቅ አይታይም" አሉኝ። ሄጄ ከአራቱም ጥግ ቆሜ አየሁ፤ ወንበር ላይም ወጣሁ። አይታይም። ዛፍና የመጋዘን ጣሪያ ብቻ ነው።

ዓምና በግጥሚያው ላይ የነበረ ፎቶ አንሺ የዚያን ቀን ፎቶ ከሣጥኑ አውጥቶ አሳየኝ። የተጋጣሚው ቡጢ ዳንጊሶ ፊት ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። የዳንጊሶ ሁለት ዓይኖች እንደ ፋኖስ በርተዋል። ጥግ ላይ ግን ፎጣ ደረቱ ላይ ያቀፈ አንድ ቀጭን ሰው፣ ሳሙና እንደገባበት ሁሉ ዓይኖቹን ጨፍኗል። በማጉያ መነጽር ሁለት ጊዜ አየሁት። እኔ ነኝ።