ጉዞ የሚጠብቀው ፍሪጄ

ከአራዳ እስከ አራት ኪሎ የጉዞ ፍሪጅ አያያዝን እንደ እኔ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ! ሌላው ሰው ከላንጋኖ ሲመለስ ፍሪጁን ከነዓሣ ሽታው ይከድነዋል፤ ለሚቀጥለው ጉዞ የከፈተው ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ይሰደዳል። እኔ ግን በሎሚ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ አየር እንዲያገኝ ክዳኑን በማንኪያ ደግፌ አስቀምጠዋለሁ። ልጅ እንዲህ ተይዞ ቢያድግ ሚኒስትር አይሆንም ትላላችሁ?

በፋሲካ ማግስት መብራት ጠፋ። ጎረቤቴ እትዬ የሺ የቅርጫ ሥጋቸውን በሳፋ ተሸክመው ከች አሉ።

«አንተ፣ ያ የምትፎክርበት ፍሪጅ በመኪና ባትሪ ይሠራል አላልክም?»

«እንዴታ፣ እትዬ!»

«በል መኪናህ ላይ ሰካልኝ፣ ሥጋዬ ሊበላሽ ነው!»

«እሱማ... መኪናው ነው የሌለኝ።»

«በቅሎ ሳይኖርህ ኮርቻ ገዛህ?»

ደግነቱ ወንድ ልጃቸው ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። ሥጋው ፍሪጁ ውስጥ ገባ፤ ፍሪጁም ከሾፌሩ ጀርባ ተሰካ። እትዬ የሺ ሥጋቸውን፣ እኔ ፍሪጄን ልንጠብቅ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ተመላለስን። ተሳፋሪው በፍሪጁ ላይ እየተረማመደ ወጣ፣ ወረደ። ሥጋው እንደ ራስ ዳሽን አናት ቀዘቀዘ፤ እኔን ግን ያልበኝ ጀመር።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ?» አሉኝ እትዬ የሺ።

ምን ብዬ ልዋሽ? መኪና ያስመልሰኛል። ፍሪጁን ከገዛሁ ጀምሮ አንድም ቀን ጉዞ ወጥቼ አላውቅም።