የአደር ሮብሌ የፓርላማ ዘመን

ድሬ ዳዋ ሰውን የሚያደክመው በሙቀቱ ይመስላችኋል? እኔን ያደከመኝ ማመልከቻ ነው። በጃንሆይ ዘመን ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ስንት ዓመት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ስንቱ መልስ አገኘ? እባካችሁ አትጠይቁኝ።

ከደንበኞቼ አንዱ አደር ሮብሌ ነበር። «አደር» በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛ ጋ ትልቅ ሰው እንዲህ ይጠራል፤ «እርስዎ» መባባል ግን ብዙም አናውቅበትም። አደር ሮብሌ ከከተማው ወዲያ ባለው ሜዳ ግመል የሚያረባ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በየበጋው እየመጣ ያንኑ ማመልከቻ ያስጽፈኛል፦ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈርልን። አራተኛው በጋ ላይ መሰለኝ፣ ሰለቸኝና፣ «አደር፣ እኔም ደከመኝ። የቀረህ ፓርላማ መግባት ብቻ ነው» አልኩት። መቀለዴ ነበር። እሱ ግን ቀልድ አያውቅም።

«የት ነው የሚመዘገቡት?» አለኝ።

ተከትዬው ሄድኩ፤ ምን ላድርግ፣ የገዛ አፌ ያመጣው ጣጣ ነው። ለዕጩ ግዴታ ነበርና፣ መዝጋቢው የማይንቀሳቀስ ንብረት አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ግመሎች አሉኝ አለ። ግመል ይንቀሳቀሳል ተባለ። «ሲጠማው አይንቀሳቀስም» አለ። ሳቁና መዘገቡት።

ማንበብ ለማይችል መራጭ ምልክት ነበረ። ግመልን ሌላ ተወዳዳሪ ቀድሞ ወስዶታል፤ ለእሱ የደረሰው ጃንጥላ። ዝናብ በማያውቅ ሜዳ ላይ ጃንጥላ! አለቀልን አልኩ። እሱ ግን በየመንደሩ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆመ። ሰዉም ለጥላው ብሎ ከሥሩ ተሰበሰበ፤ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ መረጠው።

አዲስ አበባ በባቡር ወጣ። «ብርዱ ገደለኝ» እያለ በመንገደኛ ይልክብኝ ነበር። የምክር ቤት ንግግሩን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። እንዲያ ያለ አማርኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጽፌ አላውቅም። አንደኛው ገጽ ለንጉሠ ነገሥቱ ምስጋና፣ ለሰብሳቢው ምስጋና፣ ለተከበሩት አባላት ምስጋና። ውሃው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። ሰውዬው የሚያውቀው አማርኛ ለገበያ የሚበቃውን ያህል ነው፤ ወራት ፈጅቶ በቃሉ ያዘው። ቀኑ ደርሶ ቆመ። ምስጋናውን እንደጨረሰ ደወሉ ጮኸ፤ ጊዜህ አልቋል ተባለ።

ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ሲነግረኝ እንኳ አልተቆጣኝም፤ ያ ነው የባሰብኝ።

ጊዜህ አልቋል ቢባልም አልተቀመጠም። ያንን የተፈራ ሰብሳቢ፣ «ቆይ አንተ፣ ይሄ የጸሐፊዬ ነው፤ የኔ ገና አልመጣም» አለው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ፣ «ውሃ የለም። አምና ግመሎቹ ሞቱ። ዘንድሮ የወንድሜ ልጅ ሞተች» ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛ የሳቀ አልነበረም።

የሥራ ዘመኑ ሊያበቃ ሲል ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ውሃም ወጣ። ምርጫ መጣ። አደር ሮብሌ እንደገና ተወዳደረና ወደቀ። የጣሉት የገዛ ሰዎቹ ናቸው። ሽማግሌዎቹን ምን አጠፋ ብዬ ብጠይቅ፣ ምንም አላጠፋም አሉኝ። ውሃ አምጣ አልነው፣ አመጣ፤ አሁን የምንፈልገው መንገድ ነው፤ እሱ ደግሞ መኪና አይወድም።

ላጽናናው ብዬ በዚያ ፀሐይ እስከ ጉድጓዱ ወጣሁ። አደር ሮብሌ ግመሎቹን ይዞ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሟል። ከፊቱ ያለውን ብዛት ሳይ ደሜ ፈላ።

«አደር፣ ያስቆፈርከው አንተ፣ ተራ የምትጠብቀውም አንተ?»

«ተወው አቦ» አለኝ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል። «ከፊቴ ያሉት ግመሎች ናቸው። ግመል ንግግር አያደርግም፤ ጠጥቶ ይሄዳል።»