ሌባው «ዝም በል» ያለኝ ሌሊት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ኮምፒውተሬ እኔን ከፈተኝ። ጃኬቴን ለብሶ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሜ ተራዬን እጠብቃለሁ። አፍንጫዬን ጫን ሲያደርገው ዓይኔ በራ። ነገሩ ምንም አልገረመኝም፤ እንዲያውም እስኪ ዛሬ እሱ ይድከም ብዬ ተመቻቸሁ።

«ከየት ነው የወረድከው?» አለኝ።

«ከእናቴ።»

«እሱን እናጣራለን። ፊርማዋ ይምጣ።»

ጥያቄውን የት እንደማውቀው ገባኝ። ማታ እኔው ራሴ ጠይቄው ነበር። እኔና እህቴ ውዳላት ለኮምፒውተር የሚሆኑ የግዕዝ ፊደል ቅርጾችን እየነደፍን ለውጭ አገር ሰዎች እንሸጣለን፤ ገዢዎቻችን ደግሞ ቢትኮይን በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ነው የሚከፍሉት። የዓመት ልፋታችን የገባው ትናንት ማታ ነው። ውዳላት በዚህ ገንዘብ ደሴ ላይ የራሳችንን የሥራ ቤት ልትከፍት ቤቱን ሁሉ አይታ ጨርሳለች። ገንዘቡን የሚጠብቀውን ፕሮግራም፣ ቦርሳ የሚሉትን፣ እኔ ልጫን ስላት ግን እኔ የምፈራው ኮምፒውተሩን አይደለም፣ አፍህን ነው አለችኝ። ይህ አባባሏ አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ።

እውነት ነው፣ ኮምፒውተሬ ለሚሠራበት ለሊኑክስ ሥርዓት አዲስ ነኝ። ግን እንደ እኔ የተጠነቀቀ ጀማሪ ካለ ይምጣ። ቦርሳውን ከሠሪዎቹ ገጽ ላይ ብቻ አወረድኩት፤ የፕሮግራሙ ዲጂታል ፊርማ የእነሱ መሆኑን ሳላረጋግጥ አልጫንኩትም፤ ስከፍተው የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅዬ ነው። ቦርሳው አሥራ ሁለት ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ሰጠኝ። እነዚያን ቃላት በቅደም ተከተላቸው ያወቀ ሰው ገንዘቡን አገኘ ማለት ነው። ፎቶ አላነሳኋቸውም፣ ስልኬ ላይም አልጻፍኳቸውም። ወረቀት ላይ ገልብጬ በጣሳ አሽጌ ቀበርኳቸው፤ ለክፉ ቀን ደግሞ በቃሌ ያዝኳቸው። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ በልቤ እንደ ዳዊት ስደግማቸው ነበር።

እናቴ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ወጣች። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ግንባሬ ላይ አሳረፈችና ልጄ በልቶ ይሆን ብላ ኮምፒውተሩን ጠየቀችው። እሱ አሻራውን አገላብጦ አይቶ ሰውዬው ኦሪጂናል ነው አለ፤ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ለጥንቃቄ ብሎ እምብርቴ ላይ የተሰካውን ገመድ ነቀለና ሂድ ተመዝገብ ብሎ አስወጣኝ።

በሩን ስከፍት ፒያሳ ነበርኩ። አንድ ሚኒባስ ወደ ኋላ እየነዳ መጣ። ሾፌሩ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተኝቷል፤ ረዳቷ ያቺ የሊኑክስ ምልክት የሆነችው ፔንግዊን ናት። ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ ቀበሌ፣ ቀበሌ፣ የሞላ ትላለች። ስገባ ሒሳብ ከፈለችኝ። ዝርዝር እንደሌላት ነግራኝ ይቅርታ ስትጠይቀኝ፣ ግድ የለም ለሚቀጥለው ይሁን አልኳት። እንዲህ ያለ ቸርነት በእውኔ አይታይብኝም።

በቀበሌው በር ላይ ሠራተኞቹ ፀሐይ እየበላቸው ተሰልፈዋል። ሊቀመንበሩ ጭምር ፋይል ታቅፎ ቆሟል። ውስጥ ደግሞ እኛ ባለጉዳዮቹ ማኅተም ይዘን ተቀምጠናል። አንዲት የመዝገብ ሠራተኛ ከጠዋት ጀምሮ እንደቆመች፣ ልጇንም ጎረቤት ጥላ እንደመጣች እየማለች አንድ ጉዳይ ብቻ እንድፈጽምላት ለመነችኝ። የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። ቢሆንም ብዕሬን አስቀምጬ፣ ሻይዬን ፉት ብዬ፣ ነገ ተመለሽ አልኳት። ደስታው እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

«ጌታዬ» አለችኝ ሳትሄድ፣ «የእርስዎስ ምስጢር ተመዝግቧል?»

«ምስጢር እንዴት ይመዘገባል?»

«ሕዝብ ሰምቶት ነዋ። ሰው ያልሰማው ምስጢር እዚህ ዋጋ የለውም፤ ዛሬ ካልታወጀ ይወረሳል።»

ይወረሳል የምትለዋ ቃል አስደነገጠችኝ። ውዳላት ትዝ አለችኝ፤ ያየቻቸው ቤቶች ሁሉ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ በፊቴ አለፉ። ለእሷ ስል አውጃለሁ ብዬ ተነሣሁ።

መንገድ ላይ ሌቦች ዩኒፎርም ለብሰው በየቤቱ እያንኳኩ ቁልፍ ይፈትሹ ነበር። የላላውን ያጠብቃሉ፣ የዛገውን ዘይት ይቀባሉ፣ በሩን ከፍቶ የተኛውን ሰው ይቆጣሉ። አለቃቸው እኔን ሲያይ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ቁርጥ ናሁሰናይን ነው። ናሁሰናይ የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ የወይዘሮ አስካለ ልጅ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ዝም በል» አለኝ። «አንድም ቃል አትናገር።»

አንተ ደግሞ ማን ነህ ብዬ አየሁት። የፕሮግራም ፊርማ አመሳክሮ የጫነን ሰው ሌባ ይመክረዋል? ይህንኑ ነገርኩት። እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ እኛ እኮ እናውቀዋለን፣ ሰውን የሚያስዘርፈው ማሽኑ አይደለም እያለ ለመነኝ። ሱሪዬን ከእጁ አስለቅቄ ሄድኩ። አነጋገሩ የውዳላትን ስለሚመስል ይበልጥ እልህ ያዘኝ።

ላውጅ የሄድኩበት የኳስ ሜዳ ሞልቷል። ተጫዋቾቹ የተመልካቹ ቦታ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ተመልካቹ በሙሉ ሜዳው ውስጥ ገብቶ ያለ ኳስ ይራወጣል። ፔንግዊኗ ማይክሮፎን አቀበለችኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና አሥራ ሁለቱን ቃላት በእንግሊዝኛቸው ጀመርኩ። ጃንጥላ ስል በሕዝቡ ላይ አንድ ትልቅ ጃንጥላ ተዘረጋ። መሰላል ስል መሰላል ቆመ፤ ዳኛው ወጣበትና ጠፋ። ሎሚ ስል ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። አንዱንም አልሳትኩም፤ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቄ እስከ መጨረሻው ወረድኩላቸው። ሕዝቡ አልሰማንም፣ ይደገም አለ። ደገምኩ። ደግመው ለመኑኝ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ ረጋ ብዬ ሰለስኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። ሜዳው በአንድ ድምፅ «አሜን» ሲል ቀዝቃዛ ነገር ፊቴ ላይ ተረጨና ነቃሁ።

ነግቷል። አከራዬ እትዬ ላቀች በአንድ እጃቸው የጸበል ጠርሙስ፣ በሌላው ስልካቸውን ይዘው ራስጌዬ ቆመዋል። የእኔንና የእሳቸውን ክፍል የሚለየው ቺፑድ ነው፤ እሳቸው ሲያነጥሱ እኔ ይማርዎ የምልበት ዓይነት። ኮምፒውተሬ ቦታው ላይ ነው፤ ጃኬቴ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ምን ሆነው ነው እትዬ አልኳቸው።

«እኔማ ምን እሆናለሁ ልጄ፣ አንተ ነህ እንጂ» አሉ። «ከንጋት ጀምሮ በማላውቀው ቋንቋ ስትጮህ ነበር። ያደረብህ ነገር ስሙን እየተናገረ መሰለኝ። አንዴም አይደለም፤ አንዲት ሳታዛንፍ ሦስቴ ደገምከው።»

ማን ሰማ አልኳቸው።

ሌላ ሰው እንዳልሰማ፣ ግድግዳው ላይ ስልካቸውን አስጠግተው እንደቀዱት ነገሩኝ። መንፈስ ስሙን ሲናገር መያዝ ነው፣ ስሙ ካልታወቀ አይለቅም ባይ ናቸው። ሊልኩት ያሰቡት ለንስሐ አባታቸው ብቻ ነበር፤ ግን መነጽራቸውን አላደረጉም ነበርና ድምፁ የገባው የእድሩ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። ያም ቢሆን ክፉ እንዳልሆነ አስረዱኝ፤ የእድሩ ሰው በሙሉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ እየጸለየልኝ ነው። ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጉት። ከላይ እስከ ታች «አሜን» ይላል፤ መካከል ላይ ውዳላት አለች። እሷ አሜን አላለችም። «አንተ ሰውዬ» ብላ ብቻ ጽፋለች።

ከአልጋዬ ዘልዬ ወርጄ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጥኩ። ከፈትኩት። አዲስ ቦርሳ አውጥቼ ገንዘቡን ሌላ ሳይቀድመኝ ወደዚያ ማዛወር ነው፤ መላው እሱ ብቻ ነው፣ ይህን ያህልስ አውቃለሁ። እትዬ ላቀች ጸበሉን ከኋላዬ እየረጩ፣ አይዞህ ልጄ፣ ሰው ሁሉ ካንተ ጋር ነው አሉኝ።

«የአስካለ ልጅ እንኳ፣ ያ ጸሎት የሚባል የማያውቀው ናሁሰናይ፣ ዛሬ እግዜር ልቡን አራራው። ድምፁ ይቆራረጣል፣ አጥርተው ለብቻዬ ይላኩልኝ ብሎ ለመነኝ። ላክሁለት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ እየጸለየ መሰለኝ።»