ማህሌት ሮም ላይ የማለችው

ሰው ለዕረፍት ሄዶ ልብ የሚገዛው ሻንጣው ሊዘጋ ሲል ነው። አሥር ቀን ሙሉ ካደባባይ አደባባይ ሲንቀዋለል ይከርምና፣ ሦስት ቀን ሲቀረው «ለካ የመጣሁበትን ጉዳይ ገና አልነካሁትም!» ይላል። እናንተን አላውቅም፤ ልጄን ማህሌትን ግን እንዲህ አድርጓታል።

ማህሌት ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች የሃያ አራት ዓመት ነርስ ናት። አማርኛ ትንሽ ትሰማለች፤ ፈጠን ካሉባት ግን ይጠፋታል። ሮም የሄድነው ታላቅ እህቴን እትዬ ጥሩወርቅን ልንጠይቅ ነው። እትዬ አርባ ዓመት እዚያ ኖረው ጣሊያንኛውን ያንበለብሉታል፤ እንግሊዝኛ ግን ጠብታ የላቸውም። እናም አክስትና ልጅ እኔን መሃል አስቀምጠው ሲሳሳቁ ሰነበቱ። እኔም እንደ ማንኛውም ሰነፍ አስተርጓሚ የረዘመውን አሳጥራለሁ፣ የከበደኝን እዘላለሁ።

ሦስት ቀን ሲቀረን እትዬ የማህሌትን ጉንጭ ይዘው ረጅም ነገር ነገሯት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ምን አሉ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ይወዱሻል» አልኳት።

«ያ ሁሉ ንግግር ይኼ ብቻ ነው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። እዚያው ማለች። ላስ ቬጋስ ቤታችን እስክንገባ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፏ ላይወጣ፣ እኔም ላላስተረጉም።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሁለቱ ብቻቸውን ገበያ ሄዱ። ሲመለሱ ማህሌት ወንበር ስባ፣ «አክስቴ፣ አንቺ ደክሞሻል። ቁጭ በል!» አለቻቸው።

«እርስዎ በይ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«ተዋት!» አሉ እትዬ። «አንቺ የሚሉኝ ሁሉ አልቀዋል። አንድ እሷ ትትረፍልኝ።»

ክርክሬን ትቼ ከገበያ ያመጡትን ዕቃ ወደ ኩሽና አስገባሁ።

በመጨረሻው ቀን ማህሌት ያን ረጅም ነገር ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እንዲደግሙላት ለመነቻቸው። «ልጅ አልወለድኩም» አሉ እትዬ። «አንቺ ስትወለጂ አባትሽ የላከልኝን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ልጄ ናት እያልኩ ኖርኩ። ዋሽቻለሁ?» ማህሌት ቃል ፈለገች፣ ፈለገች፤ «አልዋሸሽም» ብላ አቀፈቻቸው። እኔ ያሳጠርኩት ይህን ነበር።

አውሮፕላን ውስጥም መሐላዋን አልተወችም። «ሲት ቤልትሽን እሰሪ» ስላት፣ «እሱ እኮ እንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ምንድን ነው?» አለች። «ቀበቶ» አልኩ ከብዙ ማሰብ በኋላ። ላስ ቬጋስ ወርደን መኪናችን ውስጥ እንደገባን፣ «ሺፍቴን ቼክ ላድርግና ወደ ሰፈራችን ወደ ሎን ማውንቴን እንነዳለን» ብል፣ በሳቅ ሞተች። ሰላሳ ዓመት ካዚኖ ውስጥ ካርድ ሳድል፣ አማርኛዬን እየሸራረፍኩ ማደሌን ያወቅኩት ያኔ ነው። አፈርኩ፤ ቆረጥኩም። ከዛሬ ጀምሮ እኔም ንጹሕ አማርኛ ብቻ!

«አባዬ፣ ቃል ትገባለህ?» አለችኝ።

«ፕሮሚስ!» አልኳት።