አቶ ጉልላት የእንግሊዝን መንደር እንዳቀኑ

ጀግናው ጉልላት ከኤርፖርት ሻንጣ ጫኝነት ጡረታ በወጣ በአራተኛው ዓመት፣ ጉልበቱ በከዳው በሁለተኛው፣ በወርኃ ኅዳር፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ በጀርመን አገር፣ በሮደልሃይም የሽማግሌዎች አዳራሽ የሆነው ይህ ነው።

አንዲት የእንግሊዝ ገጠር መንደር በካርቶን ላይ ተሥላ፣ ሺህ ቦታ ተቆራርጣ፣ በሣጥን ተጭና፣ ቁራጮቿን ገጣጥሙ የምትል ጨዋታ ሆና መጣች። የሣር ክዳን ቤቶች፣ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወንዝ ከነድልድዩ፣ በቁጥቋጦ የታጠረ መስክ፣ በጎች የተበተኑበት ኮረብታ፣ ከሁሉም በላይ ደመና የዋጠው ሰፊ ሰማይ ነበራት። ባለዲፕሎሙ ኢንጂነር ኪዳነወልድ ሦስት ቅዳሜ ከበባት፤ ቤቶቹን ያዘ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ከሰማዩ ግን ዳር ዳሩን ነካክቶ፣ ሁሉ ነጭ ሁሉ አንድ ቢሆንበት አፈገፈገ።

ጉልላትም ወንበሩን ቢያስጠጋ ኪዳነወልድ አዋጅ አስነገረ፦ «ይህ የተማረ ሰው ሥራ ነው! ኮፈር፣ አንተ ሂድና ሻንጣህን ሸክፍ!» ኮፈር በጀርመን አፍ ሻንጣ ማለት ነው፤ በዚህ ስም ሃያ ስድስት ዓመት ጠራው፣ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በጉልላት በራሱ ልጆች ፊት። ጉልላት አንዷንም አልረሳት።

ስለዚህ ተነሥቶ አዋጁን በአዋጅ መለሰ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የአዳራሹ ጠባቂ ሀውስማይስተሩ በሩን ሳይቆልፍ ሰማዩን ካልገጠምሁ፣ ኮፈር ብላችሁ ቅበሩኝ። ከገጠምሁ ግን ኢንጂነሩ በሰው ፊት አቶ ጉልላት ይበለኝ!»

ከእርሱም ጋር የተሰለፉት የቆሎ ሳህን ያዧ ወይዘሮ የሺወርቅ፣ መነጽር በመነጽር የሚደርበው ገናናው፣ ቁጭ ብሎ የሚያንኮራፋው ባህታ ነበሩ።

ጉልላት የሣጥኑን ሥዕል ገልብጦ ዓይኑን ጨፈነ። ገናናውም «ወዮ፣ ሰውዬው ለቀቀ!» ብሎ አወጀ። ነገር ግን በአውሮፕላን ሆድ ተንበርክኮ ሠላሳ ዓመት የጫነ ሰው ሻንጣን በቀለሙ አይደረድርም፤ ጠርዙን፣ ጉብታውን፣ ጉድጓዱን በመዳፉ ያውቃል እንጂ። እየዳሰሰ ገጠመ፣ እየገጠመ ዘመተ፣ ደመናውም ጓዝ እንደሞላ አውሮፕላን ተጠቀጠቀ።

ሀውስማይስተሩ ቁልፉን እያንኳኳ ሲገባ በጉልላት እጅ አንዲት የደመና ቁራጭ ቀረች፤ ክፍት የቀረው ቦታ ግን ከኮረብታው ሣር መካከል ነበረ። ኪዳነወልድም «አልገጠመም! ኮፈር ኮፈር ነው!» ብሎ ጨበጨበ።

ጉልላትም ሰማዩን በመዳፉ አበሰ፤ በስተቀኝ በኩል አንዲት ቁራጭ ያለቦታዋ በጡጫ ተቀርቅራ አበጥ ብላ አገኛት። በጥፍሩ ፈልቅቆ ቢያወጣት በግ ናት! ኢንጂነሩ ደመና መስላው ወደ ሰማይ የሰደዳት በግ! በጓን ወደ ሣሯ መለሰ፣ ደመናውን ከሰማዩ ገጠመ፣ መንደሪቱም ቀናች። ያን ጊዜ ወይዘሮ የሺወርቅ እልል ብላ አወጀች፦ «ኧረ ጉድ ነው፣ በዲፕሎም በግ ዐረገች!» ባህታም ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ።

ኪዳነወልድ ጫማውን እያየ፣ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠርጎ፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው «አቶ... ጉልላት» አለ። ሀውስማይስተሩ ሳይቀር ቆሞ ሰማ።

እነሆ፣ ጥይት ሳይተኩስ መንደርን ከነመስኳ ያቀና፣ የተማረ ያበላሸውን ሰማይ ያልተማረ እጁ የጠገነ፣ ዝናው ከኒደርራድ ሰፈር እስከ ኖርድኤንድ ሰፈር የሚነገር፣ ማነው ቢሉ፣ አቶ ነው፤ አቶ ጉልላት!